ከሐረር ምድር እስከ ደካን፤ የማሊክ አምባር ሕይወት

የሰው ትውልድ በወረቀት ሊረጋገጥ ይችላልን? ይህ ጥያቄ በህንድ አገር ብዙ ሰዎችን ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ስለዚሁ ክርክር ባነበብሁ ጊዜ አንድ የአገራችን ልጅ ትዝ ስላለኝ ታሪኩን ለመጽሔታችን አንባብያን ላቀርብ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ተወለደ። የትውልድ ስፍራው ከድሬዳዋችን ብዙ በማይርቀው በሐረር አካባቢ እንደ ነበረ ይታመናል። የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ ነበር። ገና በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ ቀይ ባሕርን አሻግረውም በየመን ወደብ በሞካ ሸጡት። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ባግዳድ ደረሰ። በዚያ የገዛው ጌታ አስተማረው፤ አምባር የሚለውንም ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ ወደ ህንድ ተወስዶ በደካን ለአሕመድናገር መንግሥት ዋና ሚኒስትር ለቺንጊዝ ካን ተሸጠ። የሚያስደንቀው ግን ቺንጊዝ ካን ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ መሆኑ ነው።

ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ፤ ወታደርም ሆነ። በ1600 የሞጉል ሠራዊት የአሕመድናገርን ምሽግ በያዘ ጊዜ፣ ከንጉሣውያን ወገን አንዱን አንግሦ ሴት ልጁን ዳረለት፤ መንግሥቱንም ራሱ መራ። በ1610 ካድኪ የተባለችውን ከተማ ቆርቁሮ ውሃ በመሬት ውስጥ ቦይ አስገባላት። የገበሬው ግብር በመሬቱ ለምነት ልክ እንዲሆንም አደረገ። ኃያሉን የሞጉል ሠራዊት በሽምቅ ውጊያ ለብዙ ዓመታት አስጨነቀ፤ በ1624 በባትቫዲ ድል አደረገው። በ1626 ሲሞት ዕድሜው ወደ ሰማንያ ይጠጋ ነበር።

ዛሬ በህንድ ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ተወላጆች ሲዲ ይባላሉ። በጉጅራትና በካርናታካ በአንዳንድ አውራጃዎች የሚኖሩት በሕግ ከተመዘገቡት ጎሳዎች ተቆጥረዋል። ለተመዘገቡት ጎሳዎች በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ ቦታ ይጠበቅላቸዋል፤ ለዚህም የጎሳ ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን በሐሰት ያወጣ ሰው የድኻውን ልጅ ወንበር ይቀማል። ስለዚህ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 አጣሪ ኮሚቴዎች እንዲቋቋሙ አዘዘ። አምባር የኖረበት የማሃራሽትራ ክፍለ ሀገርም በ2000 የራሱን ሕግ አወጣ።

ኮሚቴው የቆዩ ሰነዶችን ይመረምራል፤ አመልካቹም የጎሳውን ልማድ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ክርክሩ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ የአያቶቹን ልማድ ባያውቅ ወረቀቱ ሊሰረዝበት ይገባልን? በ2023 ይኸው ፍርድ ቤት የልማድ ጥያቄ ብቻውን ለውሳኔ እንደማይበቃ ፈረደ።

ፍርዱ ለእኔ ትክክል መስሎ ይታየኛል። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ የተነጠቀው አምባር ስለ ወገኖቹ ልማድ ቢጠየቅ ስንቱን ይመልስ ነበር? ሆኖም የሐረር ምድር ልጅነቱ አይካድም። ሐሰተኛውን መለየት ተገቢ ነው፤ በዚያው መጠን እውነተኛው እንዳይጐዳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዲት የተሰረዘች ወረቀት የአንድን ተማሪ ዕድል ልትዘጋ ትችላለችና።

ውድ ጓደኞቼ፤ የቻፑን ዘር የቈጠረለት አልነበረም፤ ያስከበረው ሥራው ነው። እኛም የባልንጀራችንን ትውልድ ከመጠየቃችን በፊት ሥራውን እንመልከት።