ፍየል ይዞ ሰዶም የወረደው ሠዓሊ

 እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ በልጅነቴ እረኛ ነበርኩ። ብሳሳት በይቅርታ እለፉኝ። የምጽፈው ዊልያም ሆልማን ሀንት ስለሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው።

ከዮም ኪፑር በፊት ሞራችን አንድ ሥዕል አሳየችን። ነጭ ፍየል ነው፤ ቀንዱ ላይ ቀይ ነገር ታስሯል፣ እግሩ ጨው ውስጥ እየሰመጠ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከኋላ የሚቀመጡት እናታችን ማንም ሳይነግራቸው የዓዛዜል ፍየል መሆኑን አወቁት። ጎንደር ምኵራብ ሳለን ኦሪት ዘሌዋውያን 16 ሲነበብ ሰምተናላ! የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ በረሃ የሚሰደደው ነው።

ሀንት በ1827 ለንደን ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አባቱ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከትምህርት ወጥቶ ቢሮ ተቀጠረ። ሥዕሉን ግን አልተወም። ትልቁ የሥዕል ትምህርት ቤት መጀመሪያ አልተቀበለውም፣ በ1844 ገባ። በ1848 ከጓደኞቹ ከሚሌና ከሮሴቲ ጋር ማኅበር አቋቋመ። ሐሳባቸው ነገሩን በዓይን አይቶ እንዳለ መሳል ነበር።

ሰውየው ይህን የምር ያዘው። ለንደን ተቀምጦ ፍየል መሳል ይችል ነበር። እሱ ግን በ1854 ኢየሩሳሌም መጣ፣ በኅዳርም ፍየል ይዞ ወደ ሰዶም፣ ወደ ጨው ባሕር ወረደ። ከኛ ከቤር ሼቫ በዲሞና በኩል ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ያለው ነው፤ በቲዩል ያየነው። እኛ በአውቶቡስ ሄደን እንኳ ሙቀቱን አማረርን። ያኔ አገሩ የሚያስፈራ ነበር። ድንኳን ተክሎ፣ ጠመንጃውን አጠገቡ አድርጎ፣ ተራራውንና ጨዉን ሳለ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ፍየሉ መንገድ ላይ ሞተበት።

እዚህ ላይ እኔ እረኛው አዘንኩ። ፍየል ጨው ይወዳል። እኛ አሞሌ ስናስልሰው ከኋላችን አይጠፋም ነበር። ግን ጨው ብቻ ሆኖ ውሃና ቅጠል ከሌለ ምን ይሆናል? ሠዓሊው ጎበዝ ነው፣ እረኝነት ግን አልተማረም።

ሌላ ፍየል ፈለገ። ከሰዶም ያመጣውን ጨውና ጭቃ በትሪ አድርጎ ፍየሉን እላዩ ላይ አቁሞ ሥዕሉን ጨረሰ።

በ1856 ለንደን ላይ ለሕዝብ ሲታይ ብዙው ሰው ግራ ገባው። ጋምባርት የሚባለው ትልቅ የሥዕል ነጋዴ ነገሩ አልገባውም፣ አልገዛውም። ስለ ሥዕል የሚጽፈው ራስኪን ድካሙን አክብሮ ሥዕሉን ነቀፈ። በመጨረሻ ጊኒ በሚባለው በእንግሊዝ ገንዘብ በ450 ተሸጠ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ፍየል ብቻ ነው ያየው፤ እኛ ክፍል ፊደል ገና የሚቆጥሩት እናት ምን እንደተሸከመ አዩ። እርግጥ ሀንት ክርስቲያን ነው፣ ፍየሉንም በራሱ እምነት ነው የተረጎመው፤ ያ የሱ ነው።

በ1923 ሥዕሉን የሰንላይት ሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ሌቨር ገዛው። ዛሬም እንግሊዝ አገር፣ ሌቨር ባሠራው የሥዕል ቤት ይገኛል። ፍየሉ ጥቁር የሆነበት ቀስተ ደመና ያለው ትንሽ ሥዕል ደግሞ አለ፣ እሱ ማንችስተር ነው።

ሀንት በኋላ በሌሎች ሥዕሎች ታዋቂም ሀብታምም ሆነ። በእርጅናው ዓይኑ ደክሞ የመጨረሻውን ትልቅ ሥዕል ሰው አግዞት ጨረሰ። በ1910 ለንደን ሞተ። ኢየሩሳሌም ግን ደጋግሞ ተመልሶ ነበር፤ የነቢያት መንገድ ላይ ቤት ሠርቷል፣ ቤቱ አሁንም አለ። የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው አጠገብ ነው። ለስግድ ስንወጣ ጊዜ የሚተርፈው ሰው ጠይቆ ይየው፤ እኔ እሄዳለሁ።