የከብት ሐኪሙ ዳንሎፕና የነፋስ ጎማ

መጽሔታችን በወጣ ቍጥር ብዙዎቻችን የምንጽፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ አርበኞችና ስለ ደራስያን ነው። ይህም የሚገባ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት ሰው ዘውድ ያልጫነ፣ ጦር ያልመራ፣ ፈረስና ላም ሲያክም ኖሮ ስሙ በጎማ ጎን ላይ ተጽፎ የቀረ አንድ የስኮትላንድ ሰው ነው። ጆን ቦይድ ዳንሎፕ ይባላል። እርሱን የመረጥሁበትን ምክንያት ከታሪኩ መካከል እናገራለሁ። ከአገራችን ታሪክ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ዳንሎፕ የተወለደው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ ምዕራብ በድረግሆርን መንደር፣ ከገበሬ ቤት ነው። ሲወለድ ሁለት ወር ቀድሞ ነበረና ይህን ከወላጆቹ ከሰማ ወዲህ ሰውነቱ ደካማ መሆኑን አምኖ፣ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን እንደ እንቍላል እየጠበቀ ኖረ። ነገር ግን ጽኑ ሕመም ሳያገኘው 81 ዓመት ደረሰ። በአገራችንም ሁልጊዜ አመመኝ እያለ ጤነኛውን ሁሉ ቀብሮ የሚኖር ሽማግሌ አይጠፋም።

በኤዲንብራ ከተማ የከብት ሕክምና ተምሮ ገና በወጣትነቱ ተመረቀ። በዚያው በስኮትላንድ ዐሥር ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1867 ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድ ሄደ። ይህን ዓመት ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልክ በዚያው ጊዜ፣ ይኸውም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጕዞ ጀምረው ነበር። መድፉ 70 ኵንታል ያህል ይመዝናል። መንገድ እየተቈረጠ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ሰው በገመድ እየጐተተው መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። የሠረገላው መንኰራኵር ደረቅ ነበረ፤ በዚያ ዘመን ነፋስ የተሞላ ጎማ ላይ የሚሄድ ሠረገላ በእንግሊዝ አገርም አልነበረም። ጋፋት ለእኛ በእግር የሚደረስበት ስፍራ ነውና፣ አንዱ በደብረ ታቦር ከመንኰራኵር ጋር ሲታገል ሌላው ወደ ቤልፋስት መንገድ መጀመሩን ሳስብ ይደንቀኛል።

ዳንሎፕ ቤልፋስት ላይ ሥራው ተቃናለት። በ1871 ማርጋሬት ስቲቨንሰን የምትባል ሴት አግብቶ ሴትና ወንድ ልጅ ወለደ። በ1880ዎቹ ዓመታት መካከል ስሙ በአየርላንድ ከታወቁት የከብት ሐኪሞች አንዱ ሆነ። በዚሁ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚያነሣው አይገኝም ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጁ ምክንያት ነው። ትንሹ ልጅ ባለሦስት እግር ቢስክሌት ነበረው። የቤልፋስት መንገድ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት ስለ ነበረ፣ ቢስክሌቱ ልጁን እያንገጫገጨ እንደ ልቡ አላስኬደው አለ። አባትየው የላስቲክን ጠባይ ያውቅ ነበርና በኦክቶበር 1887 በቤቱ ግቢ ውስጥ ሙከራ ጀመረ። ከስስ ላስቲክ ቱቦ ሠርቶ፣ 96 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ እንጨት ዙሪያ አስሮ ነፋስ ሞላው። ከዚያም ይህን እንጨትና ከልጁ ቢስክሌት የፈታውን መንኰራኵር ጎን ለጎን አድርጎ በግቢው ላይ አንከባለላቸው። የቢስክሌቱ መንኰራኵር ጥቂት ሄዶ ቆመ። ነፋስ የተሞላው ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ወደ ኋላ ነጠረ።

ይህ ለምን እንደ ሆነ የፊዚክስ ትምህርታችን ይነግረናል። ደረቅ መንኰራኵር ጠጠር ሲያገኝ ከነጭነቱ ጠጠሩ ላይ መውጣት አለበት፤ በወጣና በወረደ ቍጥርም ጕልበቱን ይከስራል። ነፋስ ያለበት ጎማ ግን ጠጠሩን ወደ ሆዱ ያስገባዋል፤ መንኰራኵሩ ከፍ ዝቅ ሳይል ያልፋል። ዳንሎፕ ሊሠራ የፈለገው ምቾትን ነበረ፤ ያገኘው ግን ፍጥነትንም ጭምር ነው።

በዲሴምበር 7 ቀን 1888 የፈጠራ መብት ተሰጠው። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት። ወፍራም ጎማው ቋሊማ የመሰለ ስለ ነበረ ቢያስቅ አይፈረድም። ሆኖም በሜይ 18 ቀን 1889 ዊሊ ሂዩም የሚባል የቤልፋስት ቢስክሌተኛ በዳንሎፕ ጎማ ተወዳድሮ የገባባቸውን አራት ውድድሮች ሁሉ አሸነፈ። ከተሸነፉት መካከል ሃርቪ ዱ ክሮስ የሚባል የደብሊን ነጋዴ ልጆች ነበሩ። ነጋዴው ልጆቹ ስለ ተሸነፉ ከማኵረፍ ይልቅ የአሸናፊውን ጎማ መረመረ፤ በዚያው ዓመትም ጎማውን የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ። ዳንሎፕም መብቱን ለኩባንያው አስተላልፎ በምትኩ ጥቂት ገንዘብና አክሲዮን ተቀበለ።

እዚህ ላይ ትልቅ ችግር ተነሣ። ፈቃዱ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ መብቱ ዋጋ እንደሌለው ተነገረው። ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ የስኮትላንድ ሰው ይህንኑ ነፋስ የተሞላ ጎማ በ1845 በእንግሊዝ፣ ቀጥሎም በፈረንሳይና በአሜሪካ አስመዝግቦት ኖሯል። በለንደን መናፈሻም በሠረገላ ላይ አድርጎ አሳይቶታል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቢስክሌትም መኪናም ስላልነበረ ፈላጊ አጥቶ ተረሳ። ቶምሰንም በ1873 ሞቶ ነበረና ክብሩን ሊጠይቅ አልቻለም።

በክፍላችን በዚህ ነገር ተከራክረናል። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ የጎማ አባት ቶምሰን ነው፣ ዳንሎፕ ሊነሣ አይገባውም ይላሉ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ቀድሞ ያሰበው ቶምሰን ለመሆኑ ክርክር የለውም፤ ስሙም በየትምህርት ቤቱ ሊነገር ይገባዋል። ዳንሎፕ ግን ቶምሰንን ሳያውቅ እንደ ገና ከባዶ ተነሥቶ አገኘው፤ ዓለምም ጎማ ላይ የወጣው በእርሱ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ለማክበር ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ኩባንያውን ያዳነው ሌላ ፈጠራ ነው፤ እኔም ወደ ዋናው ነገሬ የምደርሰው በዚህ ነው። የዳንሎፕ የመጀመሪያው ጎማ ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ ነበረ። ሲተነፍስ መላቀቅ፣ መለጠፍ፣ ማድረቅ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሰዓታት ይፈጃል። በ1890 ግን ቻርልስ ዌልች የሚባል እንግሊዛዊ በጎማው ሁለት ከንፈሮች ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ አስገባ፤ ለቸርኬውም መካከሉን ጎድጓዳ አደረገለት። የጎማው ከንፈር በአንድ ወገን ወደ ጎድጓዳው ሲገባ በሌላው ወገን ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ያልፋል፤ ነፋስ ሲሞላ ሽቦው ጠርዙን ይዞ ይቀመጣል። በዚያው ዓመት ባርትሌት የሚባል ሰው ደግሞ ወፍራም የላስቲክ ከንፈር ያለው፣ በታጠፈ የቸርኬ ጠርዝ ሥር የሚቆለፍ ሌላ ዓይነት አወጣ። ዱ ክሮስ የሁለቱንም መብት ገዛ። በፈረንሳይም የሚሽሊን ወንድማማቾች በ1891 የሚፈታ ጎማ ሠርተው ነበረ። የጥንት ዶቅዶቄዎች ብዙዎቹ በባርትሌት ዓይነት ጎማ ይሄዱ ነበር፤ ኋላ ግን የዌልች ዓይነት አሸነፈ፤ ዛሬም በከተማችን የምናየው ሁሉ የእርሱ ነው። አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይሆንም።

አሁን ዳንሎፕን ለምን እንደ መረጥሁ ልናገር። አጎቴ እንደ ዳንሎፕ የከብት ሐኪም ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ገበሬው ላም ሲታመምበት ይጠራቸዋልና በክምር ድንጋይና በጋሳይ በኩል እስከ ጉና ግርጌ ይሄዳሉ። የሚሄዱበት ዶቅዶቄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የተሠራ፣ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ዓምና የኋላ ጎማው ተሰነጣጥቆ አለቀ። አንድ ቀን ንፋስ መውጫ ሳይደርሱ ነፋሱ ወጥቶባቸው በእግራቸው እየገፉ ማደሪያ ፈልገዋል። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ቍልቍለት ባሰቡ ቍጥር እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ጎማ ፍለጋ ገበያ ስንወጣ የዛሬ ዶቅዶቄዎች ጎማ ብቻ አገኘን። በአሮጌው ጎማ ጎን የተጻፈው 3.25-19 ነው። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። አንድ ሻጭ ባለ18 አዲስ ጎማ አውጥቶ፣ አንድ ቍጥር ምንም እንዳልሆነና በሳሙና ውሃና በብረት ከተገፋ እንደሚገባ አጥብቆ ነገረን። ዋጋው ቀላል ስለ ነበረ አጎቴ ኪሳቸውን መዳሰስ ጀምረው ነበር። እኔ ግን የዌልችን ሽቦ አስታወስሁ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው 80 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል። እንግዲህ ያ ሽቦ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተለጥጦ ሊገባ ነው? የተሠራው እንዳይለጠጥ ነው! ቢገፉት ወይ አይገባም፣ ወይ ሽቦው ይበጠስና በቍልቍለት ላይ ከቸርኬው ይወጣል። ይህን በወረቀት ላይ አስልቼ ሳሳያቸው አጎቴ ዝም ብለው ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት፤ ጎማውንም ሳንገዛ ተመለስን።

ኋላ ከአዲስ አበባ ዘመድ 90/90-19 የሚል ጎማ መኖሩን ላከብን። ይህ አዲሱ አጻጻፍ ነው፦ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 19። ቁመቱ 81 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአሮጌው ስፋት 82.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮ ጎማ ደግሞ ቁመቱ ከስፋቱ ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ በቁመት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ በስፋት ግን አዲሱ በየጎኑ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። በፓራፋንጎውና በካቴናው በኩል ክፍተቱን ለካን፤ ይበቃል። የቸርኬው ሽቦዎች ጫፍ ቸርኬውን ቀዳድቶ ስለሚወጣ ነፋስ አይይዝምና ባለ19 ካላማዳሪያም አስመጣን። ጎማው ሲደርስ ጎሚስታው አስቀድሞ ያየው በጎኑ ላይ ያለችውን አራት አኃዝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ መደብር ውስጥ ብዙ ዘመን የተቀመጠ ጎማ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል። የእኛው ግን ዕድሜው ያልራቀ ስለ ነበረ ተገጠመ። አክስቴም ሌሊት ይተኛሉ።

ስለ ጎማ ስንጽፍ አንድ መራራ ነገር መዝለል የለብንም። የቢስክሌት ጎማ ዓለምን ሲሞላ የላስቲክ ፈላጊው በዛ፤ በቤልጂጉ ንጉሥ በዳግማዊ ሊዮፖልድ ሥር የነበረው የኮንጎ ሕዝብም ከዱር ላስቲክ እንዲያመጣ በግፍ ተገደደ። የታዘዘውን ያህል ያላመጣው ይገረፍ፣ ይገደል፣ እጁም ይቈረጥ ነበር። ዳንሎፕ ይህን አላዘዘም፤ ልጁ እንዳይንገጫገጭ ብቻ ነበር የፈለገው። ነገር ግን ከቤልፋስት ግቢ የተንከባለለው ጎማ በስንት አፍሪካዊ ጀርባ ላይ እንደ ሄደ አፍሪካዊ ተማሪ ሊያስታውሰው ይገባል።

ጎማው ከቢስክሌት ወደ ሞተር የተሻገረው ፈጥኖ ነው። ዳይምለር በ1885 የሠራው ባለሞተር ቢስክሌት መንኰራኵሩ እንጨትና ብረት ነበረ። በ1894 ግን ሂልደብራንድና ቮልፍሙለር የተባሉት ጀርመኖች ለገበያ ያወጡት ዶቅዶቄ በነፋስ ጎማ ይሄድ ነበር።

ዳንሎፕ ራሱ ከዚህ ሁሉ ሀብት የደረሰው ጥቂት ነው። የከብት ሕክምናውን ትቶ በ1892 ወደ ደብሊን ሄደ፤ ከዱ ክሮስ ጋርም ስላልተስማማ ከኩባንያው በ1895 ወጣ። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ገዢውም ወዲያው በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ ሸጠው። ዳንሎፕ በዚያ ጊዜ በደብሊን ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ጋር ይሠራ ነበር። ስሙ ግን ያለ እርሱ በዓለም ዙሪያ መንከባለሉን ቀጠለ።

በኦክቶበር 1921 ብርድ መታው። ያን ያህል ዘመን የፈራው ሕመም በመጨረሻ በመጣ ጊዜ ብዙም አላቈየውም፤ በ23ኛው ቀን ደብሊን ላይ ሞተ። ጎማውን እንዴት እንደ ሠራ በገዛ እጁ የጻፈው ታሪክ የታተመው እርሱ ከተቀበረ በኋላ ነው።