ኤሚ ኖተር

ኤሚ ኖተር (ማርች 23 ቀን 1882 – ኤፕሪል 14 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ ነበረች። ከዘመናዊው አልጀብራ መሥራቾች አንዷ ስትሆን፣ በፊዚክስ ደግሞ በ1918 ባወጣችው የኖተር ቲዎረም ትታወቃለች።

ሕይወት

ኖተር በባቫሪያ፣ በኤርላንገን ከተማ ተወለደች። አባቷ ማክስ ኖተር በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። በዚያን ጊዜ ሴቶች በሙሉ ተማሪነት ስለማይመዘገቡ፣ መጀመሪያ ላይ ትምህርቱን የተከታተለችው በአዳማጭነት ብቻ ነው። በ1907 በፓውል ጎርዳን መሪነት ዶክትሬቷን አገኘች፤ ከዚያም እዚያው ለ7 ዓመታት ያህል ያለ ደመወዝ ሠራች።

በ1915 ዳቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን ወደ ጎቲንገን ጠሯት። ሴት በመሆኗ የማስተማር ፈቃድ ስለተከለከለች፣ ትምህርቷ በሂልበርት ስም ይታወጅ ነበር። ፈቃዱን በ1919 ብታገኝም ለማስተማሯ ክፍያ የተጀመረላት በ1923 ነው። በ1933 የናዚ መንግሥት በአይሁዳዊ ትውልዷ ምክንያት ከማስተማር አገዳት። ወደ አሜሪካ ተሻግራ በፔንሲልቫኒያ በብሪን ማር ኮሌጅ አስተማረች፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም በ53 ዓመቷ ዐረፈች።

ሥራ

በአንድ ግሩፕ ለውጦች የማይቀየሩ ፖሊኖሚያሎች ኢንቫሪያንት ይባላሉ። የግሩፑ አባላት የተቆጠሩ ከሆኑ፣ ሁሉም ኢንቫሪያንቶች ከጥቂቶች በመደመርና በማባዛት ይገኛሉ። የተለመደው ማረጋገጫ ግን በአባላቱ ብዛት ማካፈልን ይጠይቃል። ፖዘቲቭ ካራክተሪስቲክ ባለው የቁጥር ሥርዓት ይህ ሁልጊዜ አይቻልም፤ ለምሳሌ ካራክተሪስቲኩ 3 ሲሆን 1+1+1=0 ስለሆነ፣ በ3 ማካፈል በዜሮ ማካፈል ይሆናል። ኖተር በ1926 ውጤቱ በዚህም ሁኔታ እውነት መሆኑን ያለ ማካፈል አረጋገጠች።

በ1929 ደግሞ፣ በማትሪክስ ይሰላ የነበረውን የግሩፕ ውክልና እንደ ሞጁል ማጥናት እንደሚቻል አሳየች። በዚህ አመለካከት ዋናው ጥያቄ፣ አንድን ሞጁል በውስጡ ካለው ንዑስ ሞጁል ለይቶ ለሁለት መክፈል ይቻላል ወይ የሚል ነው። የአባላቱ ብዛት የተቆጠረ ሲሆንና በዚያ ማካፈል ሲቻል፣ መልሱ ሁልጊዜ አዎን ነው፤ ይህም የማሽከ ቲዎረም ይባላል። ማካፈል በማይቻልበት ጊዜ ግን ሁለት ሞጁሎች ሊነጣጠሉ በማይችሉበት መንገድ ተያይዘው ሦስተኛ ሊሠሩ ይችላሉ። ይህ አያያዝ ኤክስቴንሽን ይባላል። ፖዘቲቭ ካራክተሪስቲክ ባላቸው አልጀብራዊ ግሩፖችም ሞጁሎች እንዲሁ ሳይከፈሉ ስለሚቀሩ፣ ኤክስቴንሽኖቻቸውን ማስላት ዛሬም የምርምር መስክ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሠሩበት የሞጁል አመለካከት በአብዛኛው የኖተር ውርስ ነው፤ ኖተሪያን ሪንግና ኖተሪያን ሞጁል የሚባሉትም የተሰየሙት በስሟ ነው።