ስለ ብሩስ ሊ ሕይወት፣ ፊልሞችና ቀብር ጥቂት

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ አንድ የካራቴ ፊልም ሰው እንጽፋለን ስንል አንዳንድ አባቶች ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብን እናውቃለን። እድርና ካራቴ ምን አገናኛቸው መባሉም አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ላይ አንድ ልጅ የሟችን ፊት በሞባይል ቀርጾ ለሰው ማሳየቱ፣ በስብሰባችንም ላይ ብዙ ማከራከሩ ይታወሳል። ልጁ ክፋት አስቦ አልነበረም። ያን ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ክርክሩን ስናዳምጥ የነበርን ጥቂት አባላት፣ ማለትም በልጅነታችን ከቪዲዮ ቤት የማንጠፋው፣ አንድ ሰው ትዝ አለን። ተነሥተን ለመናገር ግን አንዳችንም አልደፈርንም። ያን ጊዜ ያልተናገርነውን አሁን በጽሑፍ እናድርሰው ብለን ነው።

ሰውዬው ብሩስ ሊ ነው። ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛ ልጅነት ቪዲዮ ቤት ማለት ጨለማ ክፍል፣ የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥንና ውጭ የሚንጫጫ ጄኔሬተር ማለት ነበር። በራፉ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል። ብሩስ ሊ የሚል ከተጻፈ የቀረው ምንም ቢሆን ቤቱ ይሞላል። የዚያ ቤት ሕግ ደግሞ አንድ ነበር፤ አክተር አይሞትም። አክተሩ መቶ ሰው ቢከበው፣ ጥይት ቢዘንብበት፣ ከፎቅ ቢወረወር አይሞትም። ብሩስ ሊ መሞቱን የሰማን ቀን ታዲያ ወሬኛ ነህ ብለን ነጋሪውን ልንደበድበው ምንም አልቀረን።

የተወለደው ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) በአሜሪካ አገር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በቻይናዎች ሰፈር ነው። አባቱ ሊ ሆይ ቹን የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ሲሆኑ፣ ልጁ የተወለደው ከቡድናቸው ጋር ለትርኢት ወደ አሜሪካ በሄዱበት ወቅት ነው። ወላጆቹ ሊ ጁን ፋን አሉት። ብሩስ የሚለውን የፈረንጅ ስም ያገኘው እዚያው ሆስፒታል ነው። ገና የወራት ዕድሜ ሳለ በአንድ ፊልም ላይ ሕፃን ሆኖ ታየ። ከዚያ ቤተሰቡ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1934 ዓ.ም. ጃፓኖች ከተማይቱን ያዙ። ከጦርነቱ በኋላ ልጁ በሃያ ያህል ፊልሞች ተጫወተ፤ የአገሩም ሰው ትንሹ ዘንዶ ብሎ ጠራው። እኛ ዘንዶን የምናውቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ተወግቶ ነው። ለቻይናዎች ግን የክብርና የኃይል ምልክት ነው።

ልጁ ግን አስቸጋሪ ነበር። ትምህርት አይወድም፣ በየመንገዱ ይደባደባል። አሥራዎቹን ዓመታት ሲጀምር ዪፕ ማን ከሚባሉ መምህር ዘንድ ገብቶ ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ዓይነት ተማረ። የሚገርመው በዚያው ሰሞን በቻቻ ጭፈራ የሆንግ ኮንግ አሸናፊ መሆኑ ነው። የእግሩን ቅልጥፍና ላየ ሰው ጭፈራው እንዳልጠፋበት ያስታውቃል። ድብድቡ ግን እየባሰ ሄደ፤ ወላጆቹም መላ ሲያጡ በሚያዝያ 1951 ዓ.ም. መቶ ዶላር አስይዘው በመርከብ ወደ ተወለደበት አገር ላኩት።

ሲያትል በምትባል ከተማ በአንዲት ቻይናዊት ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ፣ እዚያው ፎቅ ላይ እያደረ ተማረ። ኋላም ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጎን ለጎን ኩንግ ፉ ያስተምር ነበር፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጃፓናዊ ሳይል የመጣውን ሁሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ ሊንዳ ኤመሪ ነበረች። እናቷ ልጄን ለቻይና አልሰጥም ብለው ቢቃወሙም በነሐሴ 1956 ዓ.ም. ተጋቡ። በጥር 1957 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው ብራንደን ተወለደ።

በተወለደ በሳምንቱ የብሩስ አባት ሆንግ ኮንግ ላይ ሞቱ። ወዲያው ተነሥቶ ሄደ። አባቱ ሲሞቱ አጠገባቸው ያልነበረ ልጅ እንደ አገሩ ወግ ይቅርታ መጠየቅ አለበትና፣ አስከሬኑ ወዳለበት አዳራሽ የገባው በጉልበቱ እየዳኸና እየጮኸ ነው። ይህን ባለቤቱ ከሞተ በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ ላይ ተርካዋለች። ያ ሁሉ ሰው የማይደፍረው ብሩስ ሊ በጉልበቱ ሲድህ ማሰብ ለእኛ ከማንኛውም ፊልሙ ይበልጥብናል።

በ1959 ዓ.ም. አረንጓዴው ተርብ በሚባል የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ካቶ የሚባል ጭምብል የለበሰ ሾፌር ሆኖ ታየ። ፊልሙ ከአንድ ወቅት አላለፈም። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ለቻይና ፊት ዋና አክተርነት አልሰጥም አለ። እነ ስቲቭ ማክዊንና ጄምስ ኮበርን እሱ ዘንድ እየመጡ ይማራሉ፣ ፊልሙን ግን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በነሐሴ 1962 ዓ.ም. ክብደት ሲያነሣ ጀርባው ተጎዳ፤ ከእንግዲህ መራገጥ ይቅርብህ ተባለ። ወራት አልጋ ላይ ተኝቶ ስለ ትግል ያሰበውን በደብተር ሲጽፍ ከረመ። ሊንዳ ሥራ ገብታ ቤቱን ያስተዳደረችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ድኖ ተነሣና ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደ።

ስለ ፊልሞቹ ያለንን አስተያየት እዚህ ላይ ብንናገር ቅር አትሰኙብንም። በጥቅምት 1964 ዓ.ም. የወጣው ትልቁ አለቃ የመጀመሪያው ነው። ታሪኩ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰው አገር ሄዶ በረዶ ፋብሪካ ስለተቀጠረ ልጅ ነው። እንዳይደባደብ ለእናቱ ቃል ገብቷልና ፊልሙ ግማሽ ድረስ እጁን አያነሣም። ያኔ በዚህ ተናደን እናፏጭ ነበር። አሁን ስናየው ጥሩው ነገር እሱ ነው። በመጋቢት የመጣው የቁጣ ቡጢ ግን የሚጀምረው በለቅሶ ነው። ልጁ በዝናብ ከሩቅ ሲደርስ መምህሩ ጉድጓድ ገብተው አፈር ሊለብሱ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ዘሎ ወድቆ አላስቀብርም ይላል። የእኛ ሰው ከነጠላው ጭምር ወደ መቃብር ሲወረወር አይተን የለም እንዴ? ይህን ፊልም ሐበሻ ያልወደደው ማን ይውደደው። መጨረሻው ላይ ደግሞ አክተሩ ጠመንጃ ወደ ደገኑት ሰዎች ዘሎ ሲሄድ ተኩስ ይሰማል፣ ፊልሙም እዚያው ቀጥ ይላል። በቪዲዮ ቤቱ ሕግ መሠረት አልሞተም ብለን ስንከራከር ዓመታት አለፉ።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. የወጣው የዘንዶው መንገድ ነው። ደርሶ፣ አዘጋጅቶ፣ ተጫውቶ የሠራው ራሱ ነው። ሮም ውስጥ በጥንቱ ኮሎሲየም ከቸክ ኖሪስ ጋር ይገጥማል፤ ከዳር የሚያያቸው አንዲት ትንሽ ድመት ብቻ ናት። ተቃዋሚው ክንዱና እግሩ ተሰብሮም እጅ አልሰጥ ይላል፤ ብሩስ ሊ ሳይወድ ይገድለዋል። ከዚያስ? የሟቹን ልብስና መቀነት አምጥቶ አስከሬኑን ይሸፍናል፣ ተንበርክኮም ይሰናበተዋል። ይህን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ከሆሊውድ ጋር የተሠራውን ዘንዶው ሲገባን ዓለም ሁሉ ያደንቀዋል። የመስታወቱ ክፍል ትግል ጥሩ ነው፣ የቀረው ግን ጋጋታ ይበዛበታል።

በኅዳር 1965 ዓ.ም. መምህሩ ዪፕ ማን ሲሞቱ ብሩስ ሊ ከቀብራቸው ቀረ። የሆንግ ኮንግ ጋዜጦችም በዚህ ነገር አልማሩትም። በእኛ እድር ቢሆን በስም ጥሪ ላይ ተይዞ ቅጣቱን ይከፍል ነበር። ሰው ዝናው ሲገንን የሚጎድልበት ነገር አለ፤ የምንወደው ሰው ስለሆነ ብቻ ይህን ልንደብቅለት አንፈልግም።

በግንቦት 2 ቀን 1965 ዓ.ም. ለፊልሙ ድምፅ ሲያስገባ በድንገት ወደቀ፤ አንጎሉ ማበጡ ታወቀና ሕክምና ተደርጎለት ተነሣ። ሐምሌ 13 ቀን ግን አንዲት ተዋናይት ቤት ሳለ ራሱን አመመው፣ የራስ ምታት ክኒን ዋጠ፣ ጋደም አለ፣ አልነቃም። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ከቤቱ እንደሞተ አድርገው ተናገሩ፤ ጋዜጠኞች እውነቱን ሲደርሱበት ጊዜ ወሬው ገነፈለ። ተመረዘ ያለ አለ፣ ተደበደበ ያለ አለ፣ መንፈስ ነው ያለም አለ። መርማሪዎቹ በድንገተኛ አደጋ መሞቱን ወሰኑ። ያበጠበትን ምክንያት ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሁለት ቀብር ተደረገለት። ሐምሌ 18 ቀን ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው መንገዱን ሞላው፤ ሊንዳና ሁለቱ ልጆቿ እንደ አገሩ ወግ ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሰው ተቀመጡ። ሣጥኑ ክፍት ነበር፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ ፊቱን አነሣ። ከዚያ ሊንዳ አስከሬኑን ይዛ ወደ ሲያትል ሄደች። ብዙዎች ለምን እዚህ አይቀበርም አሉ። ከወሎ ተነሥተው አሶሳ የሰፈሩ ወላጆች ያሉን ሰዎች ይህን ጥያቄ አሳምረን እናውቀዋለን። የእሷ ምክንያት ደስታቸው የጀመረው እዚያ ነው የሚል ነበር። በሐይቅ አሻጋሪ መካነ መቃብር ጥቂት ሰው ብቻ በተገኘበት ቀበረችው። ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ወንድሙ ሮበርት፣ ተማሪዎቹ ታኪ ኪሙራና ዳን ኢኖሳንቶ፣ እንዲሁም እነ ስቲቭ ማክዊንና ጄምስ ኮበርን ነበሩ።

ሲሞት የሞት ጨዋታ የሚባል ፊልም ጀምሮ ትቶ ነበር። ቢጫ ልብስ ለብሶ ባለ ብዙ ደርብ ቤት እየወጣ በየደርቡ የሚጠብቀውን ተጋጣሚ ይጥላል። አንዱ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ የሚጠጋው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከሪም አብዱል ጀባር ነው። በ1970 ዓ.ም. ኩባንያው በምትክ ሰዎች ፊልሙን ጨርሶ አወጣው። እውነተኛው ብሩስ ሊ የሚዋጋበት ከአሥር ደቂቃ ብዙ አይበልጥም፤ የቀረው መነጽር ያጠለቀ ሌላ ሰው ነው። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም የፊቱን ፎቶግራፍ ከመስታወት ጋር አገጣጥመውታል! ይህስ ያስቃል። የማያስቀው ሌላው ነው። አዲሱ ታሪክ ጠላቶቹን ለማታለል ሞቷል ስለተባለ አክተር ስለሆነ ቀብር አስፈለጋቸው። ታዲያ ያሳዩት የብሩስ ሊን እውነተኛ ቀብር ነው፤ ሕዝቡን፣ ለቅሶውን፣ በሣጥኑ ውስጥ የተኛውን ፊቱን። የተቃዋሚውን አስከሬን በልብስ የሸፈነውን ሰው የገዛ ወዳጆቹ ገልጠው ለትኬት አቀረቡት።

የሐሰት ብሩስ ሊዎችም እንደ አሸን ፈሉ፤ ብሩስ ሌ፣ ብሩስ ላይ፣ ድራገን ሊ። በ1969 ዓ.ም. በወጣ አንድ ፊልም ብሩስ ሊ ሲኦል ወርዶ ከደም መጣጩ ድራኩላ ጋር ይዋጋል። እኛ እነዚህን ሁሉ ከፍለን ገብተን አይተናል፣ ተበልተናልም። አስፈሪ ፊልም የሚሉትን ከእነ ድራኩላው ብዙ አይተናል። አንዱም ግን የዚያን ሣጥን ያህል አላስፈራንም፤ ይህም የሆነው ኋላ እውነቱን ካወቅን ወዲህ ነው። ያኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የቀብሩ ቦታ ሲመጣ ተርጓሚው የውሸት ቀብር ነው፣ አክተሩ ተደብቋል አለን፤ እኛም አጨበጨብን። በእውነተኛ ሰው አስከሬን ላይ አጨበጨብን። በስብሰባው ቀን አፋችንን የያዘን ይህ ነው። ያን ልጅ ለመውቀስ እኛ ማን ነን?

ልጁ ብራንደንም የፊልም ሰው ሆነ። በመጋቢት 22 ቀን 1985 ዓ.ም. ቁራው የሚባለውን፣ ከመቃብር ተነሥቶ ስለሚበቀል ሰው የሚተርከውን ፊልም ሲሠራ፣ ባዶ መሆን ከነበረበት ሽጉጥ በወጣ ብረት ተመታና በ28 ዓመቱ ሞተ። በአባቱ የሞት ጨዋታ ላይ አክተሩ የሚመታው በፊልም ቀረጻ መካከል በእውነተኛ ጥይት ነበር። ይህን እርግማን ነው የሚሉ አሉ። እኛ የጥንቃቄ ጉድለት ነው እንላለን። የእሱም ፊልም በምትክ ሰውና በኮምፒውተር ተጠናቆ በ1986 ዓ.ም. ወጣ። ነገር ግን እናቱና እጮኛው ይጠናቀቅ ብለው ፈቅደዋል፣ የተመታበትም ቀረጻ ለሰው አልታየም። ከአባቱ ጎን ሲያትል ተቀብሯል።

የሞት ጨዋታ ዛሬም ከመካከላችን በአንዱ ቤት በፍላሽ አለ። በበዓል ማታ እየተሰበሰብን እናየዋለን፤ አንተውም። የቀብሩ ቦታ ሲደርስ አንዱ ይነሣና ያሳልፈዋል፣ ማንም ምንም አይልም። ቢጫውን ልብስ ለብሶ ደረጃውን መውጣት ሲጀምር ቡናው ይቀዳል።