ኢሞን ዴ ቫሌራ፤ በጠመንጃ ያጡትን በድምፅ ያገኙት አየርላንዳዊ

የአየርላንድ ሪፐብሊካን ትግል መሪ ኢሞን ዴ ቫሌራ እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከአየርላንዳዊት እናት ተወለዱ። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳሉ ወደ አየርላንድ ተወስደው በሊመሪክ አውራጃ፣ ብሩሪ በተባለች መንደር በአያታቸው እጅ አደጉ። የሒሳብ መምህር ሆነው ሲያገለግሉ የአገሬውን ቋንቋ ለማስፋፋት በሚታገለው ማኅበር ታቀፉ፤ ከዚያም ወደ ትጥቅ ትግሉ ገቡ።

እ.ኤ.አ. በ1916 የፋሲካ ሰሞን ደብሊን ውስጥ በብሪታንያ አገዛዝ ላይ በተነሳው አመፅ ከአዛዦቹ አንዱ ነበሩ። አመፁ በስድስት ቀናት ከሸፈ፤ ዋና ዋና መሪዎቹም ተረሸኑ። በዴ ቫሌራ ላይ የተላለፈው የሞት ፍርድ ግን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። በ1917 ተፈተው በዚያው ዓመት የሺን ፌን ፓርቲ መሪ ሆኑ። ፓርቲው በ1918 ምርጫ ከ105ቱ የአየርላንድ መቀመጫዎች 73ቱን አሸነፈ። ተመራጮቹም ለንደን መሄዱን ትተው በ1919 ደብሊን ላይ የራሳቸውን ፓርላማ መሠረቱ። እንደገና ታስረው የነበሩት ዴ ቫሌራ በተመሳሳይ ቁልፍ ከሊንከን እስር ቤት አምልጠው የዚህ መንግሥት መሪ ሆኑ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1921 ነው። ከብሪታንያ ጋር ለመደራደር ራሳቸው ሳይሄዱ አርተር ግሪፊዝንና ማይክል ኮሊንስን ላኩ። የተፈረመው ስምምነት ራስን የማስተዳደር ሥልጣን ቢያስገኝም የፓርላማ አባላት ለንጉሡ የታማኝነት ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ ያስገድድ ነበር። ፓርላማው በ64 ለ57 ድምፅ አጸደቀው። ዴ ቫሌራ ውሳኔውን አልተቀበሉም። በ1922 በትናንት የትግል ጓዶች መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ኮሊንስ ተገደሉ፤ መንግሥት ከ70 በላይ ተቃዋሚዎችን ረሸነ። በ1923 የዴ ቫሌራ ወገን ተሸነፈ።

በ1926 ፊያና ፎይል የተባለውን ፓርቲ አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበትን የመሐላ መዝገብ ባዶ ሥርዓት ነው ብለው ፈርመው ፓርላማ ገቡ። በ1932 ሥልጣን ሲይዙ በጦርነቱ ያሸነፏቸው ሰዎች ወንበሩን በሰላም አስረከቡ። ዴ ቫሌራም በ1933 መሐላውን ሰረዙ፣ በ1937 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፣ በ1938 በብሪታንያ እጅ የቀሩትን ወደቦች አስመለሱ። ስምምነቱ ለሙሉ ነፃነት መንገድ ይከፍታል ሲሉ የነበሩት ኮሊንስ ትክክል እንደነበሩ ያሳየው የተቀናቃኛቸው ሥራ ሆነ።

ዴ ቫሌራን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛቸው ጄኔቭ ነው። ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር በመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀቡን ደገፉ። በ1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ አቤቱታቸውን ባሰሙ በሁለተኛው ቀን ማኅበሩ ኢትዮጵያን ማዳን እንዳቃተው በግልጽ ተናገሩ፤ ሆኖም ማዕቀቡ ማብቃቱን ተቀበሉ። ትናንሽ አገሮች በኃያላን ቃል ሊተማመኑ እንደማይችሉ የተረዱት መሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገራቸውን ገለልተኛ አደረጉ። በ1945 ለሂትለር ሞት ለጀርመን መልዕክተኛ ሐዘናቸውን መግለጻቸው ግን እስካሁን ያስወቅሳቸዋል።

በተለያዩ ጊዜያት 21 ዓመት ያህል መንግሥት መርተው፣ ከ1959 እስከ 1973 ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። ያረፉት በ92 ዓመታቸው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሞቱ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙትን የአየርላንድን ውህደት ግን ሳያዩ አለፉ።