ከውሻው የጀመሩት ሉዊ ፓስተር

አንድ ውሻ ሲያብድ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይቆምም። ጠብ ሳይኖር ያገኘውን ውሻ ይነክሳል፤ የተነከሰውም በሽታው ሲነሳበት ሌላውን ውሻ፣ ከብቱንና ሰውን ይነክሳል። ይህን ሰንሰለት በክትባት መበጠስ እንደሚቻል ያሳዩት ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ናቸው።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 ዶል በተባለች ከተማ ቆዳ በማልፋት ከሚተዳደር ቤተሰብ ተወለዱ። ያደጉት በአርቧ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ያበደ ተኩላ በአካባቢው ሰዎችን ነከሰ። ከተነከሱት አንዱ በቀጥቃጭ ቤት ቁስሉን በጋለ ብረት ሲተኮስ ማየታቸው ይነገራል። በወቅቱ ከዚያ የተሻለ ሕክምና አልነበረም።

ፓስተር የተማሩት ኬሚስትሪ እንጂ ሕክምና አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥራቸው ወደ ገበሬው ደጅ ወሰዳቸው። የሐር ትል በሽታን አጠኑ፤ ለዶሮ ኮሌራ ክትባት አገኙ። በ1881 ደግሞ በሕዝብ ፊት በጎችን የአባ ሰንጋ ክትባት ከተቡ። በሽታው ለሁሉም ሲሰጥ የተከተቡት ተረፉ፤ ያልተከተቡት በጎች አለቁ። ይህን ሁሉ የሠሩት በ1868 ባጋጠማቸው ሕመም የግራ ጎናቸው ከተዳከመ በኋላ ጭምር ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ማጥናት የጀመሩት በ1880 ነው። የበሽታውን ተሕዋስ በዘመኑ ማጉያ መሣሪያ ማየት አልተቻለም። እርሳቸውና ረዳታቸው ኤሚል ሩ በበሽታው የሞተ ጥንቸል ህብለ ሰረሰር በማድረቅ የበሽታውን ኃይል አዳከሙ። ክትባቱን በመጀመሪያ የሞከሩት በውሾች ላይ ነው። በ1884 በመንግሥት የተቋቋመ ኮሚሽን 23 የተከተቡና 19 ያልተከተቡ ውሾችን ለበሽታው አጋለጠ፤ ከፊሎቹም በእብድ ውሻ እንዲነከሱ ተደረገ። ከተከተቡት አንድም አላበደም፤ ካልተከተቡት አብዛኞቹ አበዱ።

ሆኖም የአገሩን ውሻ ሁሉ መከተብ በዚያ ዘመን የማይሞከር ነበር። በሽታው ከንክሻ በኋላ ለመነሳት ሳምንታት ስለሚወስድ ፓስተር የተነከሰውን ሰው ቶሎ ወደ መከተብ ዞሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1885 የዘጠኝ ዓመቱ ዮሴፍ ማይስተር ከተነከሰ በሁለተኛው ቀን ወደ እርሳቸው መጣ። ፓስተር ሐኪም ስላልነበሩ መርፌውን የወጉት ሌላ ሐኪም ናቸው። ልጁ ዳነ። በጥቅምት ወር ደግሞ ሌሎች ልጆችን ለማዳን ከእብድ ውሻ ጋር የታገለው የ15 ዓመት እረኛ ዣን ባፕቲስት ዡፒል ታክሞ ተረፈ።

በ1888 በስማቸው የተሰየመው ተቋም በፓሪስ ተከፈተ፤ እርሳቸውም በ1895 አረፉ። በአዲስ አበባ የጤና ምርምር ተቋም የሚገኝበት ሰፈር ዛሬም ፓስተር ይባላል።

በፓስተር ዘመን ያልተቻለው የውሾች ክትባት ዛሬ ይቻላል። በየቀበሌው ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ባለ ውሻ ሁሉ ውሻውን ማስከተብ፣ የወረዳ ኃላፊዎችም ክትባቱን በወቅቱ ማድረስ ይጠበቅባቸዋል። ሰላማዊ የነበረ ውሻ ያለ ምክንያት ሌሎቹን መናከስ ከጀመረና ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ሳይጠጉት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። የተነከሰ ሰውም ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።