ኮረምንም ሂሮሺማንም ያየው ሐኪም

አያቴ የማይጨው ዘማች ነበሩ፡፡ ከጉልበታቸው በታች ያለው ቆዳ የተጨማደደ ጠባሳ ነው፤ ስንጠይቃቸው የጣልያን ጭስ ነው ይሉና ጨዋታውን ወደ ሌላ ያዞሩታል፡፡ ሕክምና ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ እንኳ እንዲህ ያለውን ቁስል በጊዜው ያየ ሐኪም ይኖር ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም፡፡ ስለ ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ ሳነብ ግን መኖሩን አወቅሁ፡፡

ዡኖ እ.ኤ.አ. በ1904 ኑሻቴል ተወለደ፡፡ ፈረንሳይ ውስጥ ሙሉዝ ከተማ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ ጠየቀው፡፡ ኅዳር 26 ደሴ ላይ፣ ታኅሣሥ 20 ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋባቸው ሆስፒታሎች በአውሮፕላን ሲደበደቡ እዚሁ አገር ነበር፡፡

የባሰው በመጋቢት ነው፡፡ ከስዊድናዊው አብራሪ ከካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር (በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ሕይወቱ ያለፈው እሱ ነው) ኮረም ደረሰ፡፡ በየዛፉ ሥር እግራቸውና ክንዳቸው በሰናፍጭ ጋዝ የተቃጠለ ሰዎች ተኝተዋል፡፡ ጋዙ ከላይ እንደ ዝናብ ይረጫል፤ ዘማቹ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነውና የረጠበውን ሣር የረገጠ ሁሉ ይቃጠላል፡፡ ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የከለከለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነበር፡፡

የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ የሚያውቀውን እንዲሰጠው የቀይ መስቀል ኮሚቴውን ሲጠይቅ፣ ኮሚቴው ገለልተኝነቴን ይነካል በሚል የመልእክተኞቹን መረጃ አልሰጠም፡፡ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ያለ ገለልተኝነት ወደ ቁስለኛው መድረስ አይቻልም፡፡ የአያቴን እግር ሳስብ ግን አይዋጥልኝም፡፡ ዡኖ ኮረም ያየውን በመጽሐፉ ለሕዝብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላ፡፡

ከኢትዮጵያ በኋላ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት እስረኞችን ሲያለዋውጥ ቆየ፡፡ ቶኪዮ የገባው እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1945፣ ናጋሳኪ በተመታችበት ዕለት ነው፡፡ በወሩ ማብቂያ ባልደረባው ፍሪትስ ቢልፊንገር ከሂሮሺማ ቴሌግራም ላከ፤ ከተማዋ ጠፍታለች፣ ሆስፒታሎቹ ፈርሰዋል፣ መድኃኒት የለም፡፡ ዡኖ ወደ ጄኔራል ማክአርተር ጠቅላይ መምሪያ ሄዶ ደጅ ጠና፤ ከ10 ቶን በላይ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃም አገኘ፡፡ ሴፕቴምበር 8፣ በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ሂሮሺማ ገባ፤ ከቦምቡ በኋላ እዚያ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ የውጭ አገር ሐኪሞች አንዱ ነው፡፡ የከተማዋ ሐኪሞችና ነርሶች አብዛኞቹ ሞተዋል ወይም ቆስለዋል፡፡ የተረፉት ደማቸው የማይቆም ሕሙማንን ይዘው ይታገላሉ፡፡ ቀናት አብሯቸው ቆይቶ ሕሙማኑን አከመ፡፡

ስለ ሂሮሺማ በጻፈው ማስታወሻ የጠየቀው ነገር አስገርሞኛል፤ የመርዝ ጋዝ እንደተከለከለ ሁሉ አቶሚክ ቦምብም ጨርሶ ይከልከል ነው ያለው፡፡ የተከለከለው ጋዝ ኮረም ላይ ምን እንዳደረገ በዓይኑ ያየ ሰው ነው ይህን የሚለው! የዋህነት ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ አይመስለኝም፡፡ ክልከላ ሲጣስ አይቷል፤ ክልከላ በሌለበት ምን እንደሚደረግም አይቷል፡፡

ጽሑፉ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካዊው በርናርድ ላውንና ሶቪየታዊው ዬቭጌኒ ቻዞቭ፣ ሁለቱም የልብ ሐኪሞች፣ የኒውክሌር ጦርነትን የሚቃወም የሐኪሞች ማኅበር መሥርተው ነበር፡፡ መነሻቸው ዡኖ ሂሮሺማ ያየው ነው፤ ቦምቡ ሐኪሙንም ሆስፒታሉንም አብሮ ስለሚያጠፋ ሕክምና የለውም፡፡ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፡፡ የኒውክሌር መሣሪያን የሚከለክለው ስምምነት በ2017 ጸደቀ፣ በጃንዋሪ 2021 ሥራ ላይ ዋለ፡፡ ከቦምቡ ባለቤቶች የፈረመ ግን የለም፡፡

ዡኖ በኋለኛ ዘመኑ ጤናው ታውኮ ረጅም ሰዓት ቆሞ መቅደድ አልቻለም፤ ስለዚህ የማደንዘዣ ሐኪም ሆነ፡፡ ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ጄኔቫ ውስጥ ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ፡፡ ሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ ውስጥ ሐውልት አቁማለታለች፤ በየዓመቱ በሰኔ የከተማዋ ሐኪሞች እዚያ ተሰብስበው ያስቡታል፡፡